ቀኑን የምትቆጥሪለት አንቺ ነሽ

ልጄ፣ ሥራውን ጀመርኩ ስትይኝ ደስ አለኝ። ዕድገታቸው የዘገየ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላሉባቸው ቤተሰቦች አገልግሎት አስተባባሪ መሆን፣ እዚህ ሜሪላንድም ሆነ ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ ከስሙ የሚከብድ ኃላፊነት ነው። ቅጾቹን በሥልጠናው ያሳዩሻል፤ ሕጉንም ያስነብቡሻል። እኔ የምነግርሽ ሥልጠናው የማይደርስበትን ነው። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዢልኝ፦ የሕፃን ጊዜ አጭር ነው፤ ቀኑን የምትቆጥሪለት ደግሞ አንቺ ነሽ።

ይህ አገልግሎት የመጣው የአሜሪካ ኮንግረስ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የትምህርት ሕግ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽል ነው። ሐኪም መዘግየቱን ካወቀ በኋላ ከ7 ቀን በላይ ሳያቆይ ልጁን እንዲልክ ይጠበቃል። ሪፈራሉ ቢሮ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተገምግሞ፣ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የመጀመሪያው የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ መደረግ አለበት። ደንቡ ጥሩ ነው። የእኛ ሰው ጊዜውን የሚያጣው ግን ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ነው። «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም»፣ «አባቱም እንዲህ ነበር»፣ «ታብሌቱን ብንነጥቀው ይናገራል» እየተባለ ዓመት ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በስልክ የምትመክር አያትም አለች፤ ቃሏ ከሐኪሙ ቃል ይበልጥ ይሰማል።

ከአያቲቱ ጋር አትከራከሪ። ስልኩ ላይ ካለች ሰላም በያት፣ ስለ ጤናዋ ጠይቂያት፣ ከዚያ ስለ ልጁ ያየችውን ትንገርሽ። ልጅ ያሳደገች ሴት ብዙ ታያለች፤ ስሙን ሲጠሩት እንደማይዞር ቀድማ ያስተዋለችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ወላጆቹም «ልጃችን በሽተኛ ተባለ» ብለው እንዳይደነግጡ፣ አገልግሎቱን ለማግኘት የበሽታ ስም እንደማያስፈልግ አስረጂያቸው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በአንድ የዕድገት ዘርፍ 25 በመቶ መዘግየት ከታየ ይበቃል። የሕፃናት ዕድገት ስፔሻሊስት ቀጠሮ ወራት ይፈጃል፤ ቀጠሮው ይያዝ፣ ግን እሱን እየጠበቀ ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። የጆሮ ምርመራንም አደራ። የማይሰማ ልጅ «እልኸኛ ነው» እየተባለ ሲከርም ማየት በጣም ያሳዝናል።

በሩን ስታንኳኪ የሚቀድምሽ ፍርሃት ነው። ከእኛ ሰው ብዙው «ሶሻል ወርከር» ሲባል የሚመጣለት ልጅ የሚወስድ መንግሥት ነው። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ በበደል ምክንያት በልጆች ጥበቃ ቢሮ በኩል ወደ እናንተ የሚላኩ ሕፃናትም አሉ። ስለዚህ ጫማሽን አውልቀሽ እንደተቀመጥሽ፣ ቡናው ሳይቀርብ፣ ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው። አገልግሎቱ በፈቃዳቸው ብቻ የሚሰጥ መሆኑን፣ ግምገማውም ሆነ የአንቺ ሥራ የትም ቦታ እንደማይከፈልበት፣ በዕቅዱ ካለው አንዱን እምቢ ቢሉ ሌላው እንደማይቀርባቸው ንገሪያቸው። አንድ ነገር ግን አትደብቂ፦ ልጅ ሲበደል ካየሽ የማሳወቅ ግዴታ አለብሽ። «ምንም አልናገርም» ብለሽ የገባሽበት ቤት አንድ ቀን ከተናገርሽ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላውም አበሻ በሩን ትዘጊበታለሽ።

ሌላው ፍርሃት አንቺው ራስሽ ነሽ። አበሻ መሆንሽ በር ያስከፍታል፤ ግን «ይህች ልጅ የማን ናት? የት ነው የምታስቀድሰው?» ያሰኛል። ወሬው ሰንበት ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም አርብ መስጊድ እንዳይደርስ ይፈራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልትገዢ ገብተሽ እናቲቱን ብታገኚያት፣ እሷ ቀድማ ሰላም እስክትልሽ ጠብቂ፤ ሰላም ብትልሽም «ልጁስ እንዴት ነው?» አትበይ። አክስቷ አጠገቧ ቆማ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ይበዛል የሚሉሽ ይኖራሉ። አይበዛም። አንዲት እናት ሚስጥሯ ሲጠበቅላት ካየች እንደሷ ያለች ጓደኛዋን ራሷ ይዛልሽ ትመጣለች።

በቋንቋ ጉዳይ ደግሞ ጠንካራ ሁኚ። «ሁለት ቋንቋ ነው ያደናገረው፣ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር አሁንም ከባለሙያ አፍ ይሰማል። ትክክል አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። እናቲቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ ታውራው ብትባል፣ ልጁ የሚያጣው የእናቱን ሙሉ ንግግር፣ ተረቷንና እሹሩሩዋን ነው። ልጁ የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩ በሁለቱም ቋንቋ ያሉት ይደመሩ፤ «ውኃ» የሚል ልጅ «ዋተር» ስላላለ ቃል የለውም አይባልም። ግምገማው ልጁ በሚሰማው ቋንቋ እንዲሆን ወላጅ መጠየቅ ይችላል። የአሥር ዓመት እህቱን አስተርጓሚ አታድርጊ። ደግሞም ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ ቤቱ አማርኛ ነው ብለሽ አትገምቺ። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርበት ቤት ገብተሽ በአማርኛ ብቻ ብትጨርሺ፣ በይሉኝታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሸኙሻል፤ የገባቸው ግን ግማሹ ይሆናል።

መጠይቁ ራሱ የእኛን ቤት አያውቅም። ማንኪያ ይዞ ይበላል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በጉርሻ የሚያድግ ልጅ ማንኪያ የት ያውቃል? ገምጋሚዎቹ ይህን እንዲያውቁ አድርጊ፣ በማስታወሻሽም ጻፊው። ግን ሁሉን ነገር በባህል አታመካኚ። በሁለት ዓመቱ ጣቱን ቀስሮ የሚፈልገውን የማያሳይ፣ ፈገግ ሲሉለት የማይመልስ ልጅ በየትኛውም ባህል መታየት አለበት። ለወገንሽ አዝነሽ ልጁን እንዳትጎጂው እፈራለሁ።

ዕቅዱ ከተፈረመ በኋላ የሚጀምረው ሥራ ነው አስተባባሪን የሚያስመሰግናት ወይም የሚያሳማት። የሕፃናት ሐኪሙ አንድ ቦታ ነው፣ የጆሮ ምርመራው ሌላ፣ የንግግር ቴራፒስቷ ሌላ፣ ኢንሹራንሱ ሌላ። አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እናት ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ትገባለች። ከቢሮ የሚደወለው ስልክ ቁጥሩ አይታይም፤ አያነሱትም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ ከዚያ «ቤተሰቡ አልተባበረም» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ይህን እንዳታስደርጊ። በስልካቸው ላይ ስምሽን በገዛ እጃቸው ያስገቡት፤ ከመደወልሽ በፊት በቤታቸው ቋንቋ መልእክት ላኪ። ቴራፒስት ሥራ ለቃ ቦታው ባዶ ከሆነ የቀረውን ጉብኝት በቀኑ ጽፈሽ ያዢ፣ አለቃሽንም ጠይቂ። ዕቅዱ በየስድስት ወሩ ይታያል፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ስድስት ወር ረጅም ዕድሜ ስለሆነ፣ ነገሩ ካልሠራ እስከዚያ አትጠብቂ።

የቤት ጉብኝቱንም ተመልከቺ። ቴራፒስቷ ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተጫውታ የምትሄድ ከሆነ፣ የቀረውን የሳምንት ሰዓት ማን ይሠራዋል? ለእናቲቱ፣ ለአባትየው፣ ለሞግዚቷ ማሳየት አለባት፤ ገላውን ሲያጥቡት፣ ሲያለብሱት፣ ሲያበሉት የሚደረግ ነገር መሆን አለበት። ቤቱ «ወፌ ቆመች» እያለ ልጅ የሚያቆም ከሆነ፣ ፊዚካል ቴራፒውም በዚያው ይሁን።

ጸበል እንወስደዋለን ቢሉሽ፣ ይውሰዱት። ሁለቱ አይጣሉም፤ ቴራፒው እንዳይቋረጥ ብቻ ቀኑን አስማሚ። «ለአያቱ ልከነው አፉን ፈትቶ ይምጣ» ሲሉ ግን በግልጽ ተናገሪ። ልጁ ስድስት ወር ሲቆይ አገልግሎቱ ይዘጋል፤ ሲመለስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይደርሳል፣ ዕድሉም ያልፋል። አገር ቤትም ቢሆን ዝም ብሎ መጠበቅ እንዳልበጀ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሳይተዋል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ ናቸው። እሳቸውን የምታውቅ እናት ካጋጠመችሽ ስማቸውን አንሺ፤ ወሬው ከኀፍረት ወጥቶ ወደ ልጁ ይመለሳል። እናቲቱ ራሷ ትተኛ እንደሆነ፣ ትበላ እንደሆነም ጠይቂያት፤ ማንም አይጠይቃትም።

በመጨረሻ፣ ሦስተኛው ልደት። ያን ቀን ልጁ ከእናንተ እጅ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይገባል፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። የሽግግሩ ስብሰባ ቢያንስ ከልደቱ 90 ቀን በፊት መደረግ አለበት፤ ከዘጠኝ ወር በፊት ጀምሮም ይቻላል። ጁላይ አጋማሽ ላይ ሦስት የሚሞላውን ልጅ በኦክቶበር ማንሳት ጀምሪ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከኤፕሪል አጋማሽ አይለፍ። ትምህርት ቤት በበጋ ዝግ ነው ቢሉሽ አትቀበዪ፤ ብቁ የሆነ ልጅ የትምህርት ዕቅዱ በልደቱ ቀን ዝግጁ መሆን አለበት፣ አገልግሎቱ የሚጀምርበትን ቀን ደግሞ ቡድኑ ይወስናል። በሜሪላንድ፣ ልጁ ለትምህርት ቤቱ አገልግሎት ብቁ ከሆነ፣ ቤተሰቡ የያዘውን ዕቅድ ልጁ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ እስከሚከፈተው የትምህርት ዘመን ማቆየት ይችላል፤ ይህን ምርጫ ያልሰማ ወላጅ ብዙ ነው። የስብሰባው ወረቀት በቤተሰቡ ቋንቋ እንዲተረጎም አስቀድመሽ ጠይቂ። እናቲቱ የምትጠይቀውን ከአንቺ ጋር ቤቷ ሆና ትለማመድ። አዲሷን መምህርት ደግሞ አንቺ ስብሰባው ውስጥ ሳለሽ በስሟ አስተዋውቂያቸው፤ ስልኳንም እዚያው ያስመዝግቡ።