ባልደረባን መውደድ በደብዳቤ ይታዘዛል?

ከዲላ ሐዋሳ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአካባቢው አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ለማቀራረብ ሲያስብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው መንገድ ነው። አውቶቡስ ይከራያል፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ይታተማል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላል፣ ገመድ ጉተታ ይደረጋል። ቅዳሜ አብረው የሳቁ ሰዎች ሰኞ ጠዋት የየራሳቸውን ጠረጴዛ ይይዛሉ።

ወጪው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፋይናንስ ክፍል ይመልሰው። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የሒሳብ አይደለም። ሰውን ከሰው ጋር በዕቅድ ማፋቀር ይቻላል ወይ? ቢቻልስ፣ ሥራው እንዲፋጠን ተብሎ የተዘራ መዋደድ መዋደድ ይባላል?

አሪስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ ነበር፤ ለጥቅም የሚመሠረት፣ ለደስታ የሚመሠረት፣ የሌላውን ሰው መልካምነት በማየት የሚመሠረት። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ምክንያታቸው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ፤ ሦስተኛው ጊዜ ይፈልጋል። ሃይማኖቶቹም ጉዳዩን ከውስጥ ነው የሚይዙት። በእስልምና ሥራ የሚመዘነው በኒያው፣ ማለትም በልብ ሐሳቡ ነው፤ በክርስትና ደግሞ ባልንጀራን መውደድ በራሱ ትእዛዝ እንጂ ለሌላ ግብ መሸጋገሪያ አይደለም። ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ አንድ ቢሮ በሚጋሩባት ዲላ ይህ ሩቅ ፍልስፍና አይደለም። የባልደረባው ፍቅር ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲባል የተዘጋጀ እንደሆነ የተሰማው ሠራተኛ ልቡ ይዘጋል፤ መዘጋቱም ተገቢ ነው።

ይህ ማለት ግን መቀራረብ በጥረት አይመጣም ማለት አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦክላሆማ ሃያ ሁለት ልጆችን በአንድ የክረምት ካምፕ ለሁለት ከፈሉ። ውድድር ሲጀመር ሁለቱ ቡድኖች ተጣሉ፤ እስከ ስድብና ድብድብ ደረሱ። ተመራማሪዎቹ ለማስታረቅ መጀመሪያ ያደረጉት የዛሬ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉትን ነበር፤ ልጆቹን አንድ ላይ አበሏቸው፣ ፊልም አሳዩዋቸው። ልጆቹ ግን ምግብ ተወራውረው ተለያዩ። ጠቡ መብረድ የጀመረው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥና የምግብ መኪናው አልነሣ ሲል ነው። ሁለቱም ወገን ካልተረዳዳ የሚጠማና የሚራብ ሲሆን እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ዲላ በምትገኝበት በጌዴኦ ይህን ለማየት ካምፕ ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ በቡና ወቅት ወደ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ መሄድ ይበቃል። ከየጓሮው የተለቀመው ቀይ እሸት ቡና ማደር የለበትም፤ በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት። ከዚያ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን እንዲብላላ ይተዋል። ሲደርስ ወንዶቹ በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ተሰልፈው፣ በእንጨት መግፊያ ውሃና ቡናውን እየገፉ ያጥባሉ። የሚዘፍኑትም ያኔ ነው፤ ዜማው ምት ይሰጣል፣ አንዱ ቢዘገይ ቡናው ሌላው እጅ ላይ ይከመራል። ወደ ላይ ወጣ ሲባል ደግሞ ሴቶች ረጃጅሙን የማድረቂያ አልጋ ግራና ቀኝ ከበው፣ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የበሉትን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። ወሬው አይቋረጥም፤ የልጅ ሕመም፣ የሠርግ ወጪ፣ የእቁብ ተራ ሁሉ እዚያ አልጋ ላይ ይነሣል። ድንገት ደመና ሲከብድ ግን ወሬው ቆሞ ሁሉም ሸራ ይዞ ይሮጣል። አንድ አልጋ ቡና ዝናብ ቢመታው የሁሉም ድካም ይበላሻል።

እዚያ ዘፈኑን ማንም አላዘዘም። ከሥራው ውስጥ ወጣ። የወቅት ሠራተኞቹ ክፍያ አነስተኛ እንደሆነ መዘንጋት ግን በደል ነው፤ አብሮ መዝፈን ደመወዝ አይተካም፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽርም እንዲሁ። ባለቤትነት ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲቋቋም አባል ማኅበራቱን ያስተሳሰረው አብሮ የመሸጥ ፍላጎት ነበር፤ ቡናው በተሻለ ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ወደ ገበሬው ይመለሳል። ደቦም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ባለቤቱ የሚበላ የሚጠጣ ያዘጋጃል፤ ግብዣው ግን የመጣው ማሳው ስላለ ነው፣ የዛሬው ተጋባዥም ነገ የራሱ ማሳ አለው።

ሌላው ከጌዴኦ የሚገኝ ትምህርት ስለ መናገር ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎች ያዩት እንሰቱን፣ ቡናውንና ከላይ የሚያጠላውን ዛፍ፣ እንዲሁም ትክል ድንጋዮቹን ነው። ያንን ደን ለዘመናት ያቆየው ግን ሰው ከሰው ጋር የተስማማበት ሥርዓት ነው። ባሌ በሚባለው የጌዴኦ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። የመንደሩ ጉዳይ ሶንጎ ላይ፣ በሸንጎ ይታያል። ዛሬ የሚመራው ሰው ነገ ተራ አባል ሆኖ እንደሚቀመጥ ስለሚያውቅ ሌላውን ይሰማል።

ቢሮ ውስጥ ይህ የለም። ቅዳሜ ገመድ አብሮ የጎተተው ኃላፊ ሰኞ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሞላል። ሠራተኛው ይህን እያወቀ «በነፃነት ተናገሩ» ሲባል የሚናገረው የተወደደውን ብቻ ነው።

በጌዴኦና በጉጂ ሽማግሌዎች ዘንድ የሚታወቀው የጎንዶሮ ዕርቅ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ሊታሰብበት ይገባል። በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ገደብ፣ ኮቸሬና ዲላ በተጠለሉ ጊዜ የጎንዶሮ ስም ደጋግሞ ተነሥቷል። በሽማግሌ ዕርቅ በደሉ አስቀድሞ ይነገራል፤ ከብት የሚታረደው ከዚያ በኋላ ነው። የቢሮ ቅሬታ ከዚያ መከራ ጋር አይነጻጸርም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይሠራል። ብዙው የሠራተኞች ጉዞ ከግብዣው ይጀምርና እውነቱ ሳይነሣ ይመለሳል። በሹመት ያላግባብ የታለፈች ሠራተኛ ዓሣ ስለበላች አትረሳውም።

ከላይ የተጫነ ኅብረት ምን እንደሚሆን አገሪቱ ቀምሳዋለች። የ1 ለ 5 አደረጃጀት ከገበሬው እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ከመምህሩ እስከ ቢሮ ሠራተኛው ሰውን በትንንሽ ቡድን አሰለፈ። ሐሳቡ መማማር ነበር። ብዙዎች የሚያስታውሱት ግን የሚሞላውን ቅጽና እርስ በርስ መጠባበቁን ነው። ባልደረባህ ተጠሪህ ሲሆን ከእሱ ጋር ቡና መጠጣትም ያስፈራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አረንጓዴ አሻራ በአንጻሩ የቢሮ ሰው ክረምት ላይ ቦቲ አጥልቆ ጭቃ እንዲነካ አድርጓል፤ ይህ ቀላል አይደለም። የጎደለው ክትትሉ ነው። ዛፍ ከነጥላው ለልጅ ልጁ በሚያወርስ ገበሬ ፊት፣ ችግኙን ተክሎ በዓመቱ ጸድቆ እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ ክፍል ቢኖር፣ ያ ክፍል በእርግጥ አንድ ቡድን ይሆናል።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ዲላም ድርሻዋ ደረሳት። እንዲህ ያለ ለውጥ ለዓመታት በቀድሞው ክልል መቀመጫ በሐዋሳ የኖረን ባለሙያ ለከተማውም ለአጠገቡ ወንበርም እንግዳ ያደርገዋል። ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ መቀራረብ ማለት የኪራይ ቤት አብሮ የሚፈልግ ባልደረባ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚጠቁም፣ ከመሥሪያ ቤቱ ዕድር ሳይዘገይ የሚያስመዘግበው ሰው ነው። ዕድሩ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፣ ኃላፊውንም ተላላኪውንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል። የጉዞ በጀት ያለው ቢሮ ከዚያ ላይ ቆርጦ ለዕድሩ ቢጨምር፣ አውቶቡሱ ሲነሣም ሁልጊዜ በር ጠብቀው የሚቀሩትን ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች በተራ ቢወስድ፣ ከምሳ በፊትም እነሱ መጀመሪያ እንዲናገሩ ዕድል ቢሰጥ፣ ከገመድ ጉተታው ይልቅ ብዙ ነገር ሰኞ ጠዋት ይታያል።