ከሽሮው ውስጥ የወጣችው ሳንቲም

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ስመለስ ሻንጣዬን የሞላችው እናቴ ናት። እንዴት እንደምትሞላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ የማልለብሰው ጋቢ፣ በመጨረሻ ላዩ ላይ ተቀምጣ ዚፑን መዝጋት። ኖርዊች ደርሼ ሽሮውን ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ስገለብጥ የተጠቀለለ ሶፍት አብሮ ዱብ አለ። ሶፍቱ ውስጥ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ አረንጓዴ የለበሰች የነሐስ ሳንቲም ነበረች።

ወዲያው አወቅኳት። ሳሎናችን ቡፌ ውስጥ፣ ማንም በማይጠጣባቸው የውስኪ ብርጭቆዎችና በእህቴ የምረቃ ፎቶ መሃል፣ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ተቀምጣ እያየኋት ነው ያደግኩት። አባቴ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ለመስክ ሥራ አክሱም ሄዶ ከአንድ ልጅ የገዛት የጥንት ሳንቲም ናት። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ደውዬ "እማ፣ ይሄ ምንድነው?" ስላት፣ "የአባትህ ማስታወሻ ናታ! እዚህ ማን ያያታል? አሳምረህ ግድግዳህ ላይ ስቀላት፣ እንግዳ ሲመጣ ይጠይቅሃል" አለችኝ።

ሳላውቀው ቅርስ አሻግሬያለሁ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ፈልጌ ያነበብኩት ያን ዕለት ማታ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በድንገት ያገኘ ሰውም ወዲያው ማሳወቅ አለበት። እኛ ቤት ሁለቱም አልተደረጉም። ነገሩ ግን የሕግ ብቻ አልነበረም። እኔ ስለ መቅደላ ዝርፊያ ስጽፍና ስጮህ የከረምኩ ሰው ነኝ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱትን ታቦታት የብሪቲሽ ሙዚየም ለማንም በማይታዩበት ክፍል ቆልፎ መያዙን ለሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሰዓት ላይ ሳይጠይቁኝ አስረድቻለሁ። የእናቴን ሽሮ ከናፒየር ዝሆኖች ጋር ማወዳደር ማጋነን እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ማታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ሳንቲሟን በመዳፌ ይዤ፣ የምለውን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ለእኔ ሲለኝ ይሰማኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ አዋጁን ካነበብኩ በኋላም ልሰቅላት ነበር ያሰብኩት።

አብሮኝ የሚሠራ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ሜታል ዲቴክተር ይዞ የኖርፎክን እርሻ ሲያስስ ይውላል። እዚህ አገር ይሄ የተለመደ ነገር ነው፤ የመሬቱን ባለቤት ታስፈቅዳለህ፣ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፣ መሣሪያውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ በዝግታ ትሄዳለህ፣ ሲጮህ ትቆፍራለህ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ ነው። ሳንቲሟን እንዴት አድርጌ እንደምሰቅላት እንዲያሳየኝ ቤቱ ሄድኩ።

ኮሪደሩ ሙሉ ፍሬም ነው፤ ጠለቅ ያሉ፣ መስታወት የለበሱ። ውስጣቸው ጥቁር ስፖንጅ አለ፣ ስፖንጁ በየዕቃው ቅርጽ ልክ ተቆርጧል። ሮማውያን ካባቸውን ትከሻ ላይ የሚያያይዙበት ጌጥ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የበግ ቃጭል፣ ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት ትንሽዬ ቆብ፣ ከ700 ዓመት በፊት የነገሠው የቀዳማዊ ኤድዋርድ ብር። አቀማመጡ ላይ የማይቀልድ ሰው ነው። የእርሳስ ዕቃ የኦክ እንጨት መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጥም፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ያለበት ትነት እርሳሱን ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። ሳንቲም የሚከተትበትን ለስላሳውን የፒቪሲ ኪስም ቤቱ አያስገባም፣ መዳብ ያበላሻል። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አዝራርና የእርሳስ ጥይት የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አለ፣ እንግዳ ልጆች እጃቸውን ከተው እንዲያንኮሻኩሹት።

ከሁሉም የገረመኝ ግን መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ የተሰቀለው ፍሬም ነው። ቆሻሻ ነው። የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጥይት ቀለህ፣ ጎማ የሌላት የልጅ መኪና፣ የቸኮሌት ወረቀት፤ ሁሉም እንደ ወርቅ በስፖንጅ ላይ ተደርድረዋል። "ብዙ ያገኘሁት ይሄን ነው፤ ደብቄው ብሩን ብቻ ብሰቅል ውሸታም እሆናለሁ" አለኝ።

ከየዕቃው ሥር ደግሞ ትንሽ ቁጥር አለ። ቁጥሯን ይዘህ ደብተሩን ስትገልጥ፣ ዕቃው የየትኛው እርሻ የቱ ጥግ ላይ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ ተጽፏል። ቆየት ያሉት ዕቃዎች በአገር አቀፉ የጥንታዊ ግኝቶች መዝገብ የተሰጣቸው ሌላ ቁጥርም አላቸው። መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ነው፣ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቦበታል። ሕጉ የሚያስገድደው "ውድ ሀብት" የሚባለውን ብቻ ነው። አንድ የጥንት የብር ሳንቲም ለብቻዋ ከተገኘች በአብዛኛው ግዴታ የለባትም፤ ሁለት አብረው ከተገኙ ግን በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ነው። ሌላውን የሚያስመዘግቡት በፈቃዳቸው ነው። እንደኔ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባል። ሎግ የሌለው ኤረር ደርሷችሁ ያውቃል? "ሲስተሙ ተበላሽቷል" ይላችኋል፣ በቃ። መቼ፣ የት፣ ምን ሲደረግ፣ የለም።

ከዚያ የኔዋን አወጣሁለት። ለረጅም ጊዜ በማጉያ መስታወት አያት። ትንሽ ስለእሷ አንብቤ ስለነበር ጉራዬን ነዛሁ። በአንድ በኩል የንጉሥ ምስል አለ፤ ስም የለውም፣ በግሪክኛ "ንጉሥ" ብቻ ይላል። በሌላው በኩል መስቀል፣ ዙሪያውን ደግሞ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል የግሪክኛ ጽሑፍ። አክሱም ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ሳንቲም ስታትም ኖራለች፣ ከዚያ ሁሉ እንደዚህች ስም የለሽ ነሐስ የበዛ የለም። የተራ ሰው ገንዘብ ናት፣ የጉሊት።

"አሪፍ ናት" አለኝ። "የት ተገኘች?"

"አክሱም።"

"አክሱም የት?"

ዝም አልኩ። ለሃያ ዓመት ቡፌ ውስጥ ሳያት እኔም አልጠየቅኩ፣ የገባ እንግዳ ሁሉም አልጠየቀም።

እሱ ግን ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ጠርዟ ላይ ያለውን ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አሳየኝና "ታማለች" አለ። በሽታ ነው የሚሉት ራሳቸው። ነሐስ ውስጥ የገባ የጨው ዘር እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን ይበላዋል፣ የበላውን ዱቄት እያደረገ ይተፋዋል፣ ካልቆመ ሳንቲሟ አንድ ቀን ዱቄት ብቻ ትሆናለች። መፍትሔው አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር፣ እርጥበቱን ከ40 በመቶ በታች አድርጎ መያዝ ነው። ማታ ለእናቴ ስነግራት "ሎሚ ብታሸት ኖሮ እኮ ቦግ ትል ነበር" አለች። በሎሚ ባለማሸቷ እግዚአብሔር ይስጣት፤ ሎሚው ላይዋ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እሱ ሁለት መቶ ዕቃ ሰቅሎ የማያፍር፣ እኔ አንዷን ለመስቀል የማፍረው ለምንድነው? ሕግ አንዱ መልስ ነው፤ ግን ሕጉ ባይኖርም የማፍር ይመስለኛል። አንድን ነገር መስታወት ውስጥ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ዝም ብሎ ማስጌጥ አይደለም። "ይሄን ለመያዝ ተገቢው ሰው እኔ ነኝ" ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። እሱ ደብተሩን ይገልጣል። እኔ "አክሱም" እላለሁ፣ ይሄ ለሰው ቤት አድራሻ "ኢትዮጵያ" ብሎ እንደመስጠት ነው።

"አንዲት ተራ ሳንቲም ምን ታጎድላለች?" ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። እንደ ዕቃ ካየናት እውነትም ምንም አታጎድልም፣ ቢጤዎቿ በየሙዚየሙ ሞልተዋል። ነገር ግን የጉሊት ገንዘብ የሚወድቀው ሰው በተገበያየበት ቦታ ነው። አንዷ እዚህ፣ አሥሯ እዚያ ከተባለ፣ ገበያው የት እንደነበር፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ይታወቃል። ሳንቲሟ የምትናገረው ነገር አብዛኛው ላይዋ የተጻፈው ሳይሆን የተኛችበት መሬት ነው። አባቴ ሲገዛት የገዛው ትንሹን ክፍል ነው።

እዚሁ እንግሊዝ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ሰዎች ሄርፎርድሽየር ውስጥ የቫይኪንግ ዘመን ክምችት አገኙ፣ ወርቅና ወደ 300 የሚጠጋ ሳንቲም ነው የተባለው። ሳያስታውቁ በየነጋዴው በተኑት። በ2019 ተፈርዶባቸው እስር ቤት ገቡ፣ እስከዚያ በእጅ የገባው ግን 30 ገደማ ሳንቲም ነበር። ከነዚያ ጥቂቶቹ ላይ የዌሴክሱ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ ቼዎልዉልፍ ስማቸው የሚገኝ ሲሆን፣ ሁለት ነገሥታት እኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያሳይ ምስል አለባቸው። የአልፍሬድ ወገን የጻፈው ዜና መዋዕል ግን ቼዎልዉልፍን እንደ ሞኝ ሎሌ ነው ያስቀረው። ሳንቲሞቹ አጋር ነበሩ ይላሉ። የቀሩት ምን ይሉ ነበር? ምናልባት ዛሬ የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ መብራት በርቶላቸው ይታያሉ።

ባልደረባዬንም ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ የሚጮህ ነገር ነው። መሣሪያው ሸክላ አይሰማም፣ አጥንት አይሰማም፣ የተቃጠለ ምድጃ አይሰማም። አርኪዮሎጂስቶች የሚያጉረመርሙት በዚህ ነው፣ እውነት አላቸው። ስነግረው "እኔ የማወጣው ማረሻ ካገላበጠው አፈር ብቻ ነው፣ ባላወጣውም ማረሻው ይፈጨዋል" አለኝ። ግማሹን ተቀበልኩት።

የኔ ክርክር ከእሱ ጋር ሳይሆን ከእናቴ ጋር ነው የከበደው። ሳንቲሟን ይዤ ተመልሼ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረክባለሁ ስላት "የአባትህን ማስታወሻ ለመንግሥት?" አለችና ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ አታውቁትም። እሷ ዘንድ ሳንቲሟ አድራሻ አላት፤ አድራሻዋ አባቴ ነው። ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ያሳያት ቀን፣ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ያስቀመጠበት እጅ። ይሄ ከንቱ ነው ለማለት አንደበት የለኝም። ደግሞም ባስረክባት አንድ መሳቢያ ውስጥ ገብታ፣ እርጥበት እየበላት፣ ማንም ሳያያት እንደማትቀር ዋስትና የለኝም። በቡፌው ቢያንስ ትታይ ነበር።

ልጁስ? ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ይታጠብና ሳንቲም ብቅ ይላል፣ የአክሱም ልጆች ለቅመው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ልጁ በዚያ ብር ደብተር ገዝቶ ይሆናል። ዛሬ ካለ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። በእነዚያ የጦርነት ዓመታት በዚያ አገር ያለፈውን ስለማውቅ ነው "ካለ" ያልኩት። ካልሰቀልኳት የማንን ነገር እንደማልሰቅል እያሰብኩ ከመንግሥት በፊት የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ባልደረባዬ ፍሬም ሰጥቶኝ ነበር፤ ስፖንጁን በልኳ ቆርጦ። አልሰቀልኩትም። ሳንቲሟ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መጣጩ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ለሐምሌ ትኬት ቆርጫለሁ። አብሯት የምትሄድ ወረቀት እንድትኖር ብዬ ባለፈው እሑድ ጻፍኩ፦ "አክሱም። ከአንድ ልጅ የተገዛች፣ 1994 ዓ.ም. ገደማ። የተገኘችበት ቦታ አይታወቅም።" ከዚያ ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ አነበብኩላት፣ ዓመተ ምሕረቱን እንድታርምልኝ።

"ማነው አይታወቅም ያለህ?" አለችኝ።

"አባባ ነግሮሽ ያውቃል?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ልጁ እኮ ቤታቸው ወስዶታል፤ እናትየዋ ስዋ ቀድታለታለች። ያገኛት ከቤታቸው ኋላ፣ ገብስ የዘሩባት ቁራሽ መሬት ላይ ነው፤ አባትህ ቆሞ አይቶታል። ሐውልቶቹ ከዚያ ይታዩኛል ይል ነበር፣ በቀኝ በኩል..."

"ቆይ፣ ቆይ እማ። ብዕር ላምጣ።"