ሰውን ማመን ቀብሮ

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከተበላ በኋላ ነው። ሰብሳቢው የእቁቡን ገንዘብ ይዞ ሲሰወር፣ ዋስ የሆኑለት ዘመድ ስልኩን ሲያጠፋ፣ አንድ ትልቅ ሰው ራሱን ነቅንቆ ይህችን ጣል ያደርጋል፤ የሰማው ሁሉ «እውነት ነው» ይላል፤ ወሬው በዚያ ያበቃል። ትርጉሙ የታወቀ ነው፦ ሰው በሕይወት እስካለ ይለወጣልና አፈር ሳይለብስ አትመስክርለት።

ይህን አባባል የጃፓኑ ተከታታይ አኒሜ «አታክ ኦን ታይታን» የፈተነውን ያህል የፈተነ ሥራ አላየሁም። ሐጂሜ ኢሳያማ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2021 በማንጋ ያወጣው ታሪክ ነው፤ በቴሌቪዥን ከ2013 እስከ 2023 ዘለቀ። ካርቱን የልጆች ነው የሚል ሰው ልጆቹን ፊቱ ባያስቀምጥ ይሻለዋል። ገና በመጀመሪያው ክፍል ኤረን የሚባል ልጅ እናቱ በታይታን፣ ማለትም ሰው በሚበላ ግዙፍ ፍጡር፣ ስትበላ ያያል፤ ከዚያ ወዲያም የሚቀል ነገር የለም።

መጀመሪያ ላይ ተረቱ ይረታል። ራይነር ከእነኤረን ጋር ሦስት ዓመት የሠለጠነ፣ አብሯቸው የበላ፣ ሁሉም እንደ ታላቅ ወንድም የሚያየው ወታደር ነው። አንድ ቀን ሰዉን ከታይታኖች የሚከልለው ግንብ ላይ ቆሞ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ግንቡን ሰብረው ከገቡት ታይታኖች አንዱ እሱ እንደሆነ ለኤረን ይነግረዋል። ኤረንም ቢሆን፣ ያ እናቱን ያጣ ልጅ፣ በመጨረሻ ከዓለም ሕዝብ 80 በመቶውን የሚፈጅ ይሆናል። ሳይቀብር ያመነ ሁሉ ከሰረ።

ግን ተረቱ ባለ ሁለት ስለት ነው፤ እኛ የምንመዝዘው አንዱን ብቻ ነው። ሳይቀበር ደግ ነው ተብሎ የማይመሰከርለት ሰው፣ ሳይቀበር ክፉ ነው ተብሎ ሊፈረድበትስ ይገባል?

ጋቢን እንያት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ባሕር ማዶ ያሉት እነኤረን ሰይጣኖች ናቸው እየተነገራት አድጋ ሳሻ የምትባል ወታደር በጥይት ገድላለች። ከእስር አምልጣ ስትንከራተት፣ ማንነቷን ሳያውቁ የሚያስጠጓት የሳሻ ወላጆች ናቸው። እውነቱ የሚወጣው በአራተኛው ምዕራፍ 13ኛ ክፍል ላይ ነው። ሳሻን ይወድ የነበረው ምግብ አብሳይ ኒኮሎ ልጅቷን ይዞ፣ ቢላዋውን ለአባትየው ያቀርባል። አባትየው የአዳኝ ዘር ነው፤ ቢላዋ አይከብደውም። ተቀብሎ ግን ስለ ጫካ ማውራት ይጀምራል። ልጁን ከጫካ ኑሮ ቢያወጣትም ዓለሙ ራሱ ሰው እርስ በርሱ የሚታደንበት ጫካ ሆኖ እንዳገኘው፣ ቢያንስ ልጆችን ከዚያ ማስወጣት የአዋቂ ዕዳ እንደሆነ ይናገራል። ቢላዋውን አልተጠቀመበትም።

ይህ ሰው ጋቢን አላመናትም። ስለ እሷ የሚያውቀው ከሁሉ የከፋውን ነው። ስለዚህ «ቀብሮ ነው» የሚለው ምክር እሱን አይነካውም፤ ገንዘብ አላበደራትም፣ ዋስ አልሆናትም፤ ዕድሜዋን ብቻ ተወላት። አንድ አባት ቢላዋ ስላስቀመጠ ዓለም አልዳነም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ፊልሙም ድኗል አይልም። የኤረን እልቂት ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

እዚያው ክፍል ውስጥ ግን ካያ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ በታይታን ስትበላ ሳሻ ያተረፈቻት ናት፤ የሳሻ ወላጆች አሳድገዋታል፣ ሳሻን እንደ እህቷ ነበር የምታያት። አባትየው ቢተወውም እሷ ቢላዋ አንስታ ጋቢን ልትወጋ ተነሳች፤ በጉልበት ያዟት። ብዙም ሳይቆይ ታይታን ካያን ሊበላ ሲል ጠመንጃ አንስታ ታይታኑን የጣለችላት ጋቢ ናት። ያን ዕለት ጋቢን ገድለዋት ቢሆን ኖሮ ካያም ትበላ ነበር።