የያዘን ማን ነው?



«ዛሬ ማታ ብትሞት መንግሥተ ሰማያት እንደምትገባ እርግጠኛ ነህ?» ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ባኮ በየኅብረታችን ይህን ጥያቄ ያልሰማ ወጣት ጥቂት ነው። አንዳንዱ ወዲያው «አዎን» ይላል። አንዳንዱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ብዙዎቻችን አፋችን «አዎን» ቢልም በልባችን እርሱን ነንና።

ከመካከላችን አንድ ወንድም ነበረ። «ጌታን የሚቀበል ወደ ፊት ይውጣ» በተባለ ቁጥር ይወጣል። አራት ጊዜ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ከኅብረቱ ቀረ። ቤቱ ሄደን ስንጠይቀው እንዲህ አለን፦ «እናንተ ስትዘምሩ እንባችሁ ይወርዳል፤ እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ትናንት ይቅር በለኝ ያልሁትን ኃጢአት ዛሬ ደገምሁት። እኔ የዳንሁ አይመስለኝም።» እኛም ቸኩለን «ዝም ብለህ እመን እንጂ!» አልነው። ይህን ባልነው ጊዜ ሸክሙን አከበድንበት እንጂ አላቀለልንለትም፤ የፈራው ነገር ራሱ በቂ እምነት የለኝም ብሎ ነበርና።

ቡና ያፈሉ የነበሩት እናቱ ጨዋታችንን ይሰሙ ኖሯል። ረከቦቱን ትተው በኦሮምኛ ተናገሩት፦ «ልጄ፣ አንተ ገና ጡት ሳትጥል በክረምት ከገጠር ስንመጣ ወንዙ ሞልቶ ነበር። በአንቀልባ አዝዬህ ገባሁ። እኩሌታውን መንገድ ስትጮህ፣ እኩሌታውን ተኝተህ ተሻገርህ። የተሻገርኸው ግን ስለ ጮኽህም ስለ ተኛህም አይደለም።» ይህን ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ። እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ደጋግመን አሰብንበት። ስሕተታችንም ተገለጠልን። ወንድማችን ልጁን ሲመረምር ኖሯል፤ አንቀልባውንና ያዘለችውን ግን አላያቸውም።

አንደኛ፣ ስሜት የመዳን መሠረት አይደለም። በአገራችን በአምቦ ውኃ ምሳሌ እንናገር። ጠርሙሱን ከፍተን ብናሳድረው ጠዋት ጋዙ ወጥቶ እናገኘዋለን። አረፋ የለውም፣ ምላስም አይቆነጥጥም። ውኃው ግን ያው ከምድር ጥልቅ የፈለቀው ውኃ ነው፤ ጥምንም ያረካል። በመዝሙር ጊዜ የሚሰማን ደስታ መልካም ስጦታ ነው፤ እግዚአብሔርን እናመሰግንበታለን። ሰኞ ጠዋት ደስታው ባይኖር ግን ክርስቶስ ትቶን ሄዷል ማለት አይደለም። የሞተልን በስሜታችን ልክ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ትንሽ እምነትም እምነት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ልጁ የታመመበትን አባት እናስታውስ። ማመኑንና አለማመኑን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ አለማመኑንም እንዲረዳለት ጌታን ለመነ። ጌታም «መጀመሪያ እምነትህን አሟልተህ ና» ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የሚንቀጠቀጥ እጅም የተዘረጋለትን ይቀበላል።

ሦስተኛ፣ በእግዚአብሔር መታመን ከመከራ ማምለጥ አይደለም። በአምቦ በኩል አልፎ ወደ ወለጋ የሚወስደውን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነቀምት ላይ ያገለገሉ፣ ኋላም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ተያዙ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ፍርሃት አልነካቸውም ማለታችን አይደለም፤ ሥጋ የለበሰ ሁሉ ይፈራል። ነገር ግን ወንዙ መሙላቱ የተሸከመን የለም ማለት እንዳልሆነ ከእርሳቸው እንማራለን። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 8 መከራን፣ ስደትን፣ ሰይፍን አንድ በአንድ ከቈጠረ በኋላ፣ እነዚህ ሁሉ ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን እንደማይችሉ ነው የመሰከረው። አይመጡብንም አላለም።

ምናልባት አንድ ሰው «መዳኔ በእርሱ እጅ ከሆነ እንደ ፈለግሁ ልኑራ!» ይል ይሆናል። ይህ ግን የታዘለ ልጅ አነጋገር አይደለም። ልጅ ሲያድግ ለእናቱ ውኃ የሚቀዳላት የታዘለበትን ኪራይ ለመክፈል አይደለም፤ ስለሚወዳት ነው። የእኛም መልካም ሥራ እንዲሁ ነው። ፍሬው ዛፉ ሕያው መሆኑን ያሳያል እንጂ ሥሩን አይተካም። በወደቅን ጊዜም ንስሐ የምንገባው ወደ አባታችን ተመልሰን ነው እንጂ ከእርሱ ሸሽተን አይደለም። ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን እንደሚበልጥ ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ አጽናንቶናል።

ወንድማችን በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ብዙም አልዘመረም። እኛም ለምን ብለን አልጠየቅነውም፤ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ ሰጠነው እንጂ። «ድኛለሁ» ማለት በደካማው ላይ የምናነሣው በትር ሊሆን አይገባምና።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ «ምን ያህል ይዘኸዋል?» ከማለታችን በፊት «የያዘህን ታውቀዋለህን?» እንባባል። ተኝተንም ሆነ እየጮኽን የሚያሻግረን እርሱ ነው። እግዚአብሔር ይህን በልባችን ያጽናልን። አሜን።