ዋናው ሳይነካ

ጆን ራስኮብ የሲጋር ሠሪ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ኒውዮርክ ግዛት ሎክፖርት ከተማ ተወልዶ፣ የፒየር ዱፖንት ጸሐፊ ሆኖ ጀመረና የዱፖንት ኩባንያም የጀነራል ሞተርስም የገንዘብ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እንዲቆም ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው እሱ ነው። በነሐሴ 1929 ማንም ሰው ሀብታም መሆን ይገባዋል የሚል ሐሳቡ በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ።

በ1945 ከባለቤቱ ከሄሌና ጋር የካቶሊክ ቤተክርስቲያንን ሥራዎች የሚደግፍ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። 13 ልጆች ወልደዋል። ዛሬም ፋውንዴሽኑን የሚመሩት የእነዚያ ልጆች ዘሮች ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፣ የሚመጣውንም ማመልከቻ ራሳቸው ያያሉ። ከአባት ቤት ገንዘብ መውረስ የተለመደ ነው፤ የድሃን ደብዳቤ የማንበብ ግዴታ መውረስ ግን ብርቅ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ያለው ሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ ሥራ ማውጣት አለበት። የቀረው በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ለተቸገረ ይደርሳል። ነገም የሚራብ አለ የሚለው መከራከሪያ የሚናቅ አይደለም። በ1945 የነበረው ሁሉ ያኔውኑ ተሰጥቶ ቢያልቅ፣ ዛሬ ማመልከቻ የሚቀበል ባልኖረ ነበር።

ሆኖም በዚያችው ቤተክርስቲያን ውስጥ ይህን ሙግት የሚፈትን ጥንታዊ ድምፅ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን ቀጰዶቅያ በድርቅ ስትመታ የቂሣርያው ባስልዮስ፣ እኛም ዘንድ ቅዳሴ በስሙ የሚጠራለት ማለት ነው፣ ባለጸጎችን ጎተራ አስከፍቶ የተራቡትን መገበ። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው የወንጌሉ ባለጸጋም ሰበከ። ትምህርቱ ምሕረት የለውም፦ የተከማቸው እህል የተራበው ሰው ንብረት ነው፣ በሣጥን የተቆለፈው ልብስ የታረዘው ነው። በዚህ ሚዛን ባለጸጋው ዕዳውን ከፋይ እንጂ ለጋሽ አይባልም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1967 ስለ ሕዝቦች ዕድገት ባወጡት መልእክት የቅዱስ አምብሮስዮስን ተመሳሳይ ትምህርት ጠቅሰው፣ የግል ንብረት ፍጹም መብት እንዳልሆነ አስተምረዋል።

እንግዲያው እህሉ የተራበው ሰው ንብረት ከሆነ፣ 95 በመቶውን እስከ መቼ ማቆየት ይቻላል?

ከካቶሊክ ቤተሰብ የተወለደው አየርላንዳዊ አሜሪካዊ ቸክ ፊኒ የራሱን መልስ ሰጥቷል። ከቀረጥ ነፃ ሱቆች ያፈራውን ሀብት ለዓመታት ስሙን ደብቆ ሲሰጥ ቆየ፤ ምስጢሩ የወጣው በ1997 ነው። ፋውንዴሽኑ የቤተክርስቲያን ባይሆንም 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አከፋፍሎ በ2020 ተዘጋ።

ሁሉም እንደ ፊኒ ይዝጋ ማለት አይቻልም። አንድ ገዳም የጀመረው ክሊኒክ የሚቆመው ከዓመት ዓመት ደጋፊ ሲኖር ነው። ነገር ግን 5 በመቶው ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መስጠትን የሚከለክል የለም። የባስልዮስን ስብከት ከልቡ የተቀበለ ቦርድ ድርቅ ወይም ጦርነት በገባበት ዓመት ዋናውን ለመንካት እጁን ማውጣት ይኖርበታል። ድምፅ ከመስጠቱ በፊትም ማመልከቻውን ከጻፉት ሰዎች ጥቂቶቹን ከጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጦ፣ ምን እንደሚቀድም ከእነሱ ቢሰማ ተገቢ ነው።