እኩል መውጣት ሲበቃ



በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ላይ የባሕር ማዶ የኳስ ጨዋታ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የሩጫውን ሜዳና የታጋዩን አክሊል ለምሳሌ ሲያነሣ አላፈረምና እኛንም አትንቀፉን። ደግሞም የተነሣንበት ጉዳይ ስለ ኳስ ብቻ አይደለም፤ በጉባኤያችን መካከል ተነሥቶ እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት ነገር ነው።

ታሪኩ የሆነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር በማያሚ ከተማ ነው። በዚያ አገር እግር ኳስ የሚሉት ስሙ እንጂ ግብሩ እኛ ከምናውቀው ይለያል፤ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ከባላጋራ የመጨረሻ መሥመር ማዶ ማድረስ ነው። ያደረሰ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ኳሷን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ቢያሳልፍ አንድ ነጥብ፣ ከመሥመሩ ሦስት ያርድ ርቆ ተነሥቶ እንደገና ቢያስገባ ሁለት ነጥብ። አንዱ ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚደረጉት የዩኒቨርሲቲዎች ታላላቅ ግጥሚያዎች «ቦውል» ይባላሉ፤ ይህኛው ኦሬንጅ ቦውል ነበር። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አንደኛ የሚታወቀው በጋዜጠኞችና በአሠልጣኞች ድምፅ ነበር።

በአንድ ወገን 12 ጊዜ ተጫውቶ 12 ጊዜ ያሸነፈው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ በሌላው ወገን በገዛ ሜዳው የሚጫወተው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሰለፉ። የነብራስካው አሠልጣኝ ቶም ኦስቦርን ቡድኑን ከያዙ 11ኛ ዓመታቸው ሲሆን የአገር አንደኝነትን አንድ ጊዜም አላገኙም። ማያሚ 17 ለ0 መራ፤ ነብራስካ ደርሶ 17 ለ17 ሆኑ፤ ማያሚ እንደገና 31 ለ17 ራቀ። የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው የነብራስካ ሯጭ ማይክ ሮዚየር ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ። በእርሱ ቦታ የገባው ጄፍ ስሚዝ አንድ ጊዜ አስገባና 31 ለ24 ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ 48 ሴኮንድ ሲቀረው፣ በመጨረሻው ሙከራ፣ ያው ስሚዝ 24 ያርድ ሮጦ ደገመ። 31 ለ30!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኳሷን በእግር ቢመቱ 31 ለ31 እኩል ይወጣሉ። እኩል መውጣት ደግሞ ይበቃቸው ነበር። ያልተሸነፈው ሌላው ታላቅ ቡድን ቴክሳስ በዚያው ቀን በጆርጂያ 10 ለ9 ተሸንፏልና፣ ድምፁ ለነብራስካ እንደሚሆን የማይገምት አልነበረም። ኦስቦርን ግን ሁለቱን ነጥብ መረጡ። ተርነር ጊል ኳሷን ወደ ስሚዝ ወረወረ፤ የማያሚው ኬኒ ካልሁን በጣቶቹ ነካት፤ አቅጣጫዋን ሳተች። በ31 ለ30 አለቀ። አንደኝነቱም በዓመቱ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ለነበረው ለማያሚ ተሰጠ፤ ነብራስካ ሁለተኛ ሆነ።

ይህን ስንነጋገር አንድ ወንድማችን «ይህ ትዕቢት ነው፤ የተሰጠውን በምስጋና መቀበል ያቃተው ሰው ሥራ ነው» አለ። እኛ በዚህ አልተስማማንም፤ ትዕቢተኛ ስሙን ያስቀድማል፣ ስም ያለው ደግሞ በአንዱ ነጥብ ዘንድ ነበር። ሆኖም ነገሩ ጽድቅና ኃጢአት ተለይተው የቆሙበት አይደለም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፣ አክሊል እንደ ሕጉ ለታገለ ብቻ እንደ ሆነ ያስተምራል፤ እዚህ ግን ሕጉ አይረዳንም። አንዱም ነጥብ ሁለቱም ነጥብ በሕግ የተፈቀዱ ናቸው። ሰው በተከለከለው ነገር ሲፈተን የሚጠይቀው መምህር አያጣም፤ በተፈቀደው ነገር መካከል ሲቆም ግን ብቻውን ነው።

እኩል መውጣትን የመረጠ ሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1966 ኖትርዳምና ሚሺጋን ስቴት፣ ሁለቱም ያልተሸነፉ፣ 10 ለ10 ሳሉ በመጨረሻዋ ደቂቃ ገደማ ኳሷ ለኖትርዳም ደረሰች። አሠልጣኙ አራ ፓርሴጊያን አደጋ ያለበትን ረጅም ውርወራ ትተው ሰዓቱ እንዲያልቅ አደረጉ። በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ አሸነፉ፤ አንደኝነቱም ተሰጣቸው። ስለዚህ ብዙ ተወቀሱ። እኛ ግን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ ዋናው ኳስ ወርዋሪያቸው ተጎድቶ ወጥቶ ነበር፣ ልጆቹም ከ10 ለ0 ተነሥተው የደረሱበትን ድካም በአንድ ውርወራ አልበትንም ማለት ፍርሃት ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የከበደን የአንዲት እኅታችን ጥያቄ ነው። «አክሊሉ የአሠልጣኙ ብቻ ነበርን? ዓመት ሙሉ የደከሙት ልጆች ናቸው፤ እርሳቸው ስለ ኅሊናቸው የልጆቹን ሰጡ» አለች። እውነት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ሐሰት ላለመፈረም ሥራውን ሲለቅ የሚራበው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹም ይራባሉ፣ እነርሱ ደግሞ አልተጠየቁም። እንግዲህ ኅሊና በሌላው ሰው ገንዘብ ዕዳውን ይከፍላልን? ረጅም ጊዜ ዝም አልን።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ሐሰት ላለመፈረም የሚራብ አባት ሌላ መንገድ የለውም፤ ኦስቦርን ግን ነበራቸው። ስለዚህ ውሳኔያቸውን የሚያጸድቅልን ድፍረታቸው አይደለም፤ ልጆቹም ያንኑ ሽተው እንደ ሆነ ብቻ ነው። በመጨረሻው ሙከራ ላይ ሮጦ ያስገባ ልጅ ኳሷን ሲያስቀምጥ የሻተው ማሸነፍን ነው ወይስ አለመሸነፍን? ማሸነፍን ከሆነ አሠልጣኙ የራሱን አልቀሙትም። አለመሸነፍን ከሆነ ግን እኅታችን ትረታናለች። በ48 ሴኮንድ ውስጥ ማንም ማንንም ሊጠይቅ አይችልም፤ እንዲህ ያለው መልስ አስቀድሞ በልምምድ ሜዳ ላይ ካልተገኘ በዚያች ሰዓት አይገኝም።

ኦስቦርን የአገር አንደኝነትን ያገኙት ከ11 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ነው፤ በዚያው ኦሬንጅ ቦውል፣ ያንኑ ማያሚን 24 ለ17 አሸንፈው። በእኛ አቆጣጠር ያም ቀን ታኅሣሥ 23 ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ዋለ። ይህን እንደ ዋጋ ክፍያ አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ እኛ ግን እንዲያ ለማለት አንደፍርም። በ1984 የደከሙት ተጫዋቾች በ1995 በሜዳው ላይ አልነበሩምና፤ ያ ዋንጫ የሌሎች ልጆች ነው። ተርነር ጊል ብቻ፣ ያቺን ኳስ የወረወረው፣ በዚያ ቀን በሜዳው ዳር ቆሞ ነበር፤ በአሠልጣኝነት፣ ኳስ ወርዋሪዎችን እያስተማረ።