ከስምንቱ ሁለቱን ግዛ

ልጄ፣ ባለፈው ስትመጣ ባጃጅህን ሸጠህ ስምንት በሬ ልታደልብ መሆኑን ስትነግረኝ ዝም አልኩህ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶበት ነበር፤ አንተም ፊትህ በርቶ ነበር፤ በሰው ፊት ደስታህን ማቀዝቀዝ አልፈለግሁም። የእህቴ ልጅ ከጭሮ ወደ ቦኬ፣ ወደ ከብት ሲመለስ እኔ ምን ይከፋኛል? ግን ያ ስምንት ያልከው ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም ስምንት ያልኩበት ጊዜ ነበረ።

የእኛን አገር ማደለብ በልጅነትህ አይተኸዋል፤ ከተማ ስትቆይ ግን ሳትረሳው አትቀርም። ሌላው አገር ከብቱን ሜዳ ላይ ይለቃል። እኛ ምን ሜዳ አለን? ተዳፋቱን ሁሉ ማሽላና በቆሎ፣ ጫትም ይዞታል። በሬው ደጅ ታስሮ ይውላል፣ መኖው ወዳለበት ይሄድለታል። ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርገን የምንዘራው ለበሬው ብለን ነው፤ ክረምቱን እያሳሳን የምንነቅለው ለእሱ ነው። ከዚያ የታች የታቹ ቅጠል ይቀነጠባል፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ አገዳው አለ። ይህን ሁሉ አምጥተህ ብትከምርለት ግን ረግጦ፣ አሽትቶ ይተወዋል። ጥቂት ጥቂት እየተደረገለት፣ ከእጅ እየጎረሰ ነው የሚደልበው። የሐረርጌ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው በዚህ ጉርሻ ነው። ለወራት አንድን በሬ እንዲህ ማብላት ከሰው ቀን ላይ ትልቁን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ ስንት ብር እንዳለህ አልጠይቅህም። ቤትህ ውስጥ ስንት እጅ አለ?

እኔ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ያረጀሁት። ስሜ በገበያ የተነሳው በሚስቴ፣ በአክስትህ እጅ ነው፣ አላህ ይማራትና። በ1977 ዓ.ም. ሐረርጌ ላይ መንደር ምሥረታ መጥቶ ቤታችንን ነቅለን መንገድ ዳር ስንሰፍር ማሳው ራቀብን። ጎህ ሳይቀድ ወርዳ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ የማሽላ ሸክም አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። ልጅ አዝላ ያንን መሸከም ስለማትችል ሕፃኑን ለትልቋ ልጅ ትታ ነበር የምትሄደው። በሬው እሷን ሲያይ አንገቱን ይዘረጋል፤ እኔን ሲያይ ቀንበሩ ትዝ እያለው ወደ ኋላ ይላል።

አንድ ዓመት ለአረፋ ገበያ ቀዩን በሬ ሳልነግራት ነድቼው ሄድኩ። ደህና ዋጋ አወጣ። በብሩ ሌላ ወይፈን ገዛሁበት፤ ለእሷ አንድ ሻሽ እንኳ ይዤ አልገባሁም። ማታ ስመለስ የበሬውን ገመድ ጭኗ ላይ ጠቅልላ ደጅ ቁጭ ብላ አገኘኋት። በስንት ሸጥከው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፣ ጥፋቴን ግን አንድ ቀን አልነገርኳትም። አሁን ልንገራት ብል የት አገኛታለሁ? አንተ ሚስትህ ያበላችውን በሬ እሷ ሳትሰማ ከደጅ እንዳታወጣ። ብሩንም ምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ቁጠሩት።

ስምንት የሞላልኝ በ2007 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት በልጉ ጠፋ። ብልጦቹ ጎረቤቶቻችን ሚያዝያ ላይ አንድ ሁለት መሸጥ ጀመሩ። አክስትህም «ሥጋ ሳላቸው እንሽጥ» አለችኝ። እኔ ግን ስምንት ከብት ያለው ሰው መባል ጣፍጦኝ ነበር። ክረምቱ ይክሰናል አልኩ፤ ክረምቱም እንደ በልጉ ሆነ። ሰኔ ላይ አንዱ በሬዬ ከአሥር ኩንታል በላይ እህል ይገዛልኝ ነበር። ኅዳር 2008 ላይ ያው በሬ ሦስት ኩንታል አልገዛም፤ የእሱ ሥጋ እየወረደ የእህሉ ዋጋ እየወጣ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ተላለፉ። በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለበት ዘመን ነው፤ ገበያው በሻጭ ተሞልቶ ገዢ አልነበረም። ሦስቱ ደጄ ላይ ሞቱ። ሦስቱን ደላላው ባለኝ ዋጋ ለቀቅኋቸው፤ ዋጋ ከተባለ። ሁለቱ ብቻ ተረፉ። ለምን እነዚያ ሁለቱ እንደተረፉ ታውቃለህ? አክስትህ የዛፍ ቅጠል እየቀነጠበች ልታጎርሳቸው የቻለችው ሁለት ብቻ ስለነበር ነው።

በልጉ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልያዘ አንዱን ሽጥ። ሰው ቢስቅብህም ሽጥ። ብሩን መኖ ግዛበት፣ የቀረውን እህል አድርገው።

ሌላ የማልረሳው የማሽላው ነገር ነው። ማሽላ የኖርንበት ነው፣ ማሽላ ግን ይገድላል። አንድ ሐምሌ ዝናቡ ሳምንታት ቆርጦ ማሳው ጠወለገ፤ ከዚያ ሲዘንብ ከቆረጥነው ጉቶ ሥር ለምለም ቀንበጥ ፈነዳ። አረንጓዴነቱ አታለለኝ። በባዶ ሆዱ ላደረ በሬ አንድ እቅፍ አጭጄ ሰጠሁት። ፀሐይዋ ሳትከር ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ ወደቀ። ሰው ዓይን ነው አለ፤ እኔም ዓይን ነው ብዬ ዓመታት ኖርኩ። ኋላ አንድ የከብት ሐኪም ነው ድርቅ የመታው ማሽላ፣ በተለይ ከጉልበት ያላለፈ ቀንበጥ፣ መርዝ እንደሚይዝ ያስረዳኝ። እንዲህ ያለውን ከናካቴው አትንካው። ሌላውንም ለጋ ማሽላ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀህ፣ በሬውን መጀመሪያ ደረቅ አገዳ አብልተህ ስጠው።

ክትባት ሲመጣ ከብት መደበቅም ከእኔ ይቅር። ወተቷ ይነጥፋል ሲሉኝ ላሜን ጥጃዋን አስከትዬ ሸለቆ ውስጥ ያሳደርኩበት ጊዜ አለ። በዚያው ዓመት አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ የጎረቤቴን አልነካም፣ የእኔን ሁለት ወይፈን ወሰደ። አባ ጎርባ ክፋቱ ከወጣቱ መንጋ መርጦ የወፈረውን መውሰዱ ነው፤ የደከምክበትን ነው የሚነጥቅህ። አያቴ የሚያወሩት ክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው፣ የጀመረው በከብት በሽታ ነው፤ ደስታ ይሉታል። በሬው አለቀ፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ከዚያ ሰው አለቀ። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ለአባ ጎርባ፣ ለአባ ሰንጋና ለጎሮርሳ አስከትብ። በድንገት የሞተ ከብት ካጋጠመህ ግን ቆዳው አያሳሳህ፤ አትግፈፈው፣ ሥጋውንም ማንም እንዳይቀምሰው፣ በጥልቀት ቅበረው።

ጫቱን በተመለከተ ከአንተ ጋር ልጣላ አልፈልግም። ጫት ልጆቼን አስተምሮልኛል። ግን ሁለቱን የማሽላ ማሳ ነቅዬ ጫት ስተክል የበሬዎቼን ምግብ መንቀሌ አልታየኝም፤ በማግሥቱ ዓመት አገዳ ከጎረቤት በብር ገዛሁ። አንዱን ማሳ ለማሽላ ተውለት። ለበሬው ገረባ፣ የጫት ተራፊ ስትሰጠውም ጫቱ መድኃኒት የተረጨ መሆን አለመሆኑን ባለቤቱን ጠይቅ።

በገበያ ደግሞ የወፈረ አትግዛ። ለሌላው ሰው ድካም ለምን ትከፍላለህ? ከቆላ የመጣ፣ የከሳ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቆዳው ሲያዝ የሚላላ፣ አፍንጫው እርጥብ የሆነ ወይፈን ፈልግ። አጥንቱን ግዛ፣ ሥጋውን አንተ ትሞላለህ። ጥርሱን አይተህ፣ ትንሽ አስሮጠህ ሳሉን አዳምጥ። ቤት ስታመጣው ከሌላው ጋር አታቀላቅለው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይታሰር፣ የሆድ ትሉን መድኃኒት ይዋጥ። መጀመሪያ እርሻህን እረስበት፤ ማሽላው መሳሳት ሲጀምር ከቀንበር ፍታውና ማጉረስ ጀምር።

ስለዚህ ሁለት ግዛ። እጃችሁ የአንተና የሚስትህ ነው፤ ልጆቹ ገና ናቸው፣ ትምህርታቸውን አታስጥላቸው። ከሚተርፈው ብር ላይ በአጨዳ ሰሞን አገዳ ርካሽ ሳለ ግዛና ዝናብ በማይነካው ቦታ ቆልለው። ጋጣውንም ጣራ አልብሰው፤ ወለሉን ድንጋይ አንጥፍበት፣ በጭቃ ላይ የሚያድር በሬ አይደልብም።

ገመድ ግን እንዳትገዛ። የአክስትህ ገመድ አሁንም ጋጣው ምሰሶ ላይ እንደተጠቀለለ ተንጠልጥሏል። ከእሷ በኋላ በሬ አስሬበት አላውቅም። ስትመጣ አንተ ፈትተህ ውሰደው።